ገመዱን ከመያዛችን በፊት፦ በክረምት ቦይ የገባውን የወዳጅ መኪና ስለ ማውጣት



ክረምት በገባ ቁጥር በአገራችን መንገዶች ላይ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ይኸውም አንድ መኪና ተንሸራቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ይገባል፤ ጎማው በጭቃ ይያዛል፤ ሰው ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። አንዱ «ግፉ!» ይላል፤ ሌላው «ጎትቱ!» ይላል፤ ሦስተኛው ሾፌሩን «ነዳጅ ስጠው እንጂ!» እያለ ያጣድፈዋል። መኪናው የወዳጃችን ከሆነማ ጥድፊያው ይብሳል። ልባችን ስለሚነድ እጃችን ከአእምሯችን ይቀድማል።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። የተቸገረን ወዳጅ መርዳት ተገቢ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገንም፤ ይህንን ሁላችንም ከእናቶቻችን ጀርባ ሳንወርድ የተማርነው ነው። ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ሌላ ነው። መርዳት የፈለገ ሁሉ መርዳት ይችላልን? እኛ አይችልም እንላለን። ወዳጁን ለማዳን የሮጠ ሰው በአያያዙ ወዳጁን ሊጎዳ፣ ራሱም ሊሞት ይችላል። መኪና ሲጎተት ገመድ ተበጥሶ ወይም ብረት ተነቅሎ ሰው መግደሉ በብዙ አገር የደረሰ ነገር ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በቦይ ዳር ለሚቆም ወጣትም ይሠራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በተራ እንመልከተው።

1ኛ/ የያዘውን መሬት ማወቅ

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ጥቁር አፈር አለ። በሸዋ መረሬ፣ በሌላ አካባቢ ዋልካ፣ በኦሮምኛ ደግሞ ኮቲቻ ይባላል። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል የሚሉት ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። እንዋሪ፣ ጨፌ ዶንሳ፣ ግንጪ፣ በቾና ፎገራ በዚህ አፈር ከሚታወቁት ቦታዎች ውስጥ ናቸው።

ይህ አፈር ሁለት ጠባይ አለው። በበጋ ይደርቅና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረበ ስለሆነ ውሃው በገጾቹ መካከል እየገባ ያሳብጠዋል።

እንግዲህ መኪና በዚህ አፈር ላይ ሲሄድ ሦስት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ በጎማውና በመሬቱ መካከል ቅባት የሚመስል ስስ የጭቃ ልባስ ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ ጭቃው በጎማው ጥርስ መካከል ተጠቅጥቆ አዲሱን ጎማ እንደ አሮጌ ልሙጥ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ጎማው ከሰመጠ በኋላ ልናነሣው ስንሞክር ከሥሩ አየር ስለማይገባ መሬቱ ወደ ታች ይመጥጠዋል። እግራችን በጭቃ ገብቶ ጫማችንን ትተን የወጣንበትን ጊዜ ብናስታውስ ነገሩ ይገባናል።

የመኪናውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ነው። በመደበኛ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው ከእርሱ የበለጠ እንዲገፋ አያደርግም። ስለዚህ አንዱ ጎማ በጭቃ ውስጥ ባዶውን ሲሽከረከር በደረቅ መሬት ላይ ያለው ጓደኛው ዝም ብሎ ይቆማል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ መጠን የሚሽከረከረው ጎማ ጉድጓዱን እየቆፈረ ይሰምጣል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። መኪናው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልተንቀሳቀሰ አራተኛው ሙከራ የሚጨምረው ኃይልን ሳይሆን ጥልቀትን ነው።

2ኛ/ ከመኪናው በፊት ሰው

ቦታው እንደ ደረስን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መኪናው ምን ሆነ?» ሳይሆን «ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» መሆን አለበት። የተጎዳ ካለ ለእርሱ ሐኪም መፈለግ ይቀድማል፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢያድር አይሞትም።

የተጎዳ ከሌለ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ተሳፋሪዎች ቀስ ብለው ይውረዱ። መኪናው ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ የሚወርዱትም የሚረዱትም ከላይ በኩል ይሁኑ። ባዘነበለበት በታች በኩል ማንም ሰው አይቁም፤ መኪናው የሚገለበጠው ወደዚያ ነውና።

ቀጥሎ መንገዱን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በክረምት ጉምና ዝናብ ስላለ የሚመጣው ካሚዮን ቶሎ አያየንም፤ ቢያየንም በእርጥብ መንገድ ላይ ቶሎ አይቆምም። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ካለ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። ከሌለ በአገራችን ልማድ ቅጠልና ቅርንጫፍ በመንገዱ ላይ ይጣል፣ አንድ ሰውም ወደ ፊት ሄዶ በእጁ ያሳይ። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ብዙ ሾፌሮች ለምልክት ወይም ለጎማ ማስደገፊያ ድንጋይ ያስቀምጡና ሥራቸው ሲያልቅ እዚያው ትተውት ይሄዳሉ። ያ ድንጋይ ማታ ለሚያልፍ ሌላ ሰው ሞት ሊሆን ይችላል። ወዳጃችንን አውጥተን ለማናውቀው መንገደኛ ወጥመድ ትተን ብንሄድ ምን ረዳን ይባላል?

3ኛ/ መጎተት የመጨረሻው ሥራ ነው

ብዙዎቻችን «ማውጣት» ሲባል «መጎተት» ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች መጎተትን በመጨረሻ ነው የሚያመጡት። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የተያዙ ተሽከርካሪዎችን ለሚያወጡ ወታደሮች የሚሰጠው ትምህርት እንዲህ ያሰላል። ጎማው እስከ እምብርቱ ከሰመጠ መሬቱ የሚይዝበት ኃይል ከመኪናው ከነጭነቱ ክብደት ጋር እኩል ነው። ጭቃው ከዚያ አልፎ እስከ ጭቃ መከላከያው ከደረሰ የክብደቱ እጥፍ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ እስከ ጎማው እምብርት ቢሰምጥ ለማውጣት የ2,000 ኪሎ ያህል ጉተታ ይጠይቃል። ሾፌሩ ጎማውን እያሽከረከረ እስከ ጭቃ መከላከያው ካሰመጠው 4,000 ይሆናል። በአንጻሩ ጭነቱን 5 ኩንታል ብናራግፍለት ክብደቱ ወደ 1,500 ይወርዳል። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ብናስወግድለት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ አካፋ የያዘ አንድ ሰው ገመድ ከያዙ ብዙ ሰዎች ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ትምህርት ስለ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ሁለት ተጨማሪ ነገር ይናገራል። ተሽከርካሪው ወደ ገባበት አቅጣጫ ተመልሶ ቢጎተት የሚይዘው ኃይል በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የተያዘው ተሽከርካሪ በራሱ ሞተር ቢያግዝ ደግሞ በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእኛ መኪና ጎማ እንጂ ሰንሰለት የለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩ በትክክል ላይገጥም ይችላል። ሐሳቡ ግን ለሁሉም ይሠራል። በገባበት ዱካ መመለስ አዲስ ጭቃ ከመቅደድ ይቀላል፤ የሚጎተተውም ከሚጎትቱት ጋር መሥራት አለበት።

ይህንን በዓይናችን ያየንበት ጊዜ አለ። ካለፉት ክረምቶች በአንዱ፣ በነሐሴ ወር፣ በእንዋሪ አካባቢ አንድ ወንድማችን የታመሙ እናቱን በፒክአፕ ወደ ሐኪም ሲወስድ አብረነው ነበርን። መኪናው ተንሸራትቶ ቦይ ገባ። ወንድማችን እናቱን እያየ አላስችል አለው፤ ገመድ አውጥቶ ከፊት መከላከያው ብረት ላይ ሊያስር ጎንበስ ሲል ከማሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደረሱ።

«ቆይ ልጄ» አሉት። «መኪናህ እዚህ ይቆይ፤ እናትህ ግን አይቆዩም።»

ወዲያው ከመንደሩ ቃሬዛ መጣ። አራት ጎልማሶች እናቲቱን ተሸክመው በእግር መንገድ ወደ ዋናው መንገድ ሄዱ፤ ልጃቸውም አብሮ ሄደ። ከዚያም በሌላ መኪና ተሳፍረው በዚያው ቀን ሕክምና አገኙ። እኛ ከሽማግሌው ጋር ከመኪናው ዘንድ ቀረን። አሁንም ገመዱን ስናይ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ መኪናውን የያዘው ጭቃው አይምሰላችሁ፤ ውሃው ነው። ውሃውን ልቀቁት፣ እሱም ይለቃችኋል።»

«አባቴ፣ ውሃውን ወዴት እንልቀቀው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እኛ ስንዴያችንን ከዚህ አፈር የምናድነው እንዴት ይመስላችኋል?» አሉና ማሳውን አሳዩን። የእንዋሪ ገበሬ ውሃው ሰብሉን እንዳያጠፋበት አፈሩን በእጁ እያነሣ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መካከል ውሃ መውረጃ ቦይ ያበጃል። እርሳቸውም በዚሁ ጥበብ ከሰመጠው ጎማ ሥር ተነሥተው ወደ ቁልቁለቱ አግድም ትንሽ ቦይ በዶማ አስቆፈሩን። የቆመው ውሃ እየተጉረመረመ ወረደ። ጭነቱን አወረድን። ክሪኩ በጭቃ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አድርገን ጎማውን አነሣን፤ ማናችንም እጃችንን ከጎማው ሥር ሳናስገባ በእንጨት እየገፋን ድንጋይና ጭድ አስገባን። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ከዚያ በኋላ ከእኛ መካከል መንዳት የሚችለው በኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ እኛና የመንደሩ ሰዎች ገመዱን ከኋላ ይዘን ወደ ገባበት ሳብነው። መኪናው ያለ ምንም ጩኸት ወጣ። ጉተታው ራሱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሽማግሌው ስለ ድንጋዩም አስተማሩን። ከእርከን ላይ ድንጋይ እንዳንነቅል፣ ከአጥርም እንጨት እንዳንመዝ አስጠንቅቀው ከወንዝ ዳር አስመጡን። የአንዱን መኪና ለማውጣት የሌላውን ማሳ ለጎርፍ መስጠት እርዳታ አይባልምና። ለጭዱም ባለቤቱን አስፈቀድን፤ ዋጋውንም ከፈልን።

4ኛ/ ስለ ገመድና ስለ ጉተታ

ቆፍረን፣ ውሃ አፍስሰን፣ ጭነት አውርደን መኪናው በሰው ጉልበት ካልወጣ በሌላ መኪና መጎተት ይመጣል። ከሥራው ሁሉ የበለጠ አደገኛው ይህ ስለሆነ የሚከተሉትን ነጥቦች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ሀ/ የሚታሰርበት ቦታ። ገመድ የሚታሰረው ፋብሪካው ለመጎተቻ ብሎ በሻንሲው ላይ ባበጀው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። በብዙ ትናንሽ የቤት መኪናዎች ቀለበቱ ከመፍቻዎቹ ጋር ተቀምጦ ይገኛል፤ በመከላከያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ ማጥበቅ ነው። በመከላከያ ብረት ላይ፣ ወይም ተሳቢ በሚያያዝበት ኳስ መሰል ብረት ላይ ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ኳሱ የተሠራው ተሳቢ ለመጎተት እንጂ የተቀረቀረ መኪና ለመንቀል አይደለም፤ ከተሰበረ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ለ/ የገመዱ ዓይነት። ገመዱ ከሁለቱ መኪናዎች የቀለለውን ክብደት ቢያንስ ሁለትና ሦስት እጥፍ መቻል አለበት። የተፈተለ፣ የተቋጠረ ወይም ጠርዙ የተበላ ገመድ አይታመንም። ሰንሰለትና የብረት ገመድ ስለማይሳቡ ለድንገተኛ ጉተታ አይሆኑም፤ ቀስ ተብሎ ብቻ ነው የሚጎተትባቸው። ካሩኮላ ያለው ሰው ካሩኮላውን ከተያዘው መኪና ጋር አያይዞ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ከጠንካራ ዛፍ አስሮ ሌላውን ቢስብ ኃይሉ እጥፍ ይሆንለታል። በዚህ ጊዜ ግን የማሰሪያው ቀለበትም እጥፉን ኃይል እንደሚሸከም አይርሳ።

ሐ/ ፍጥነት። «ትንሽ ተንደርድሮ ይምታው» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህንን በፊዚክስ ትምህርት እንመዝነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት አንድ ኩንታል እህል 8 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያነሣል። ፍጥነቱ 20 ሲሆን ግን ያንኑ ኩንታል ከ31 ሜትር በላይ ያነሣል፤ ይኸውም የአሥር ፎቅ ቤት ከፍታ ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ገመዱ ሲወጠር ይህ ሁሉ ጉልበት በአንድ ቅጽበት ያርፍበታል። ስለዚህ ገመዱ ቀስ ተብሎ ከተወጠረ በኋላ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በዝግታና በቀጥታ መስመር ይጎተት።

መ/ የሰዎች አቋቋም። ገመዱ በተወጠረ ጊዜ ከሁለቱ ሾፌሮች በቀር ማንም በአቅራቢያው አይገኝ። የሚመለከቱት የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይራቁ። ገመዱ 10 ሜትር ከሆነ 15 ሜትር ማለት ነው። በገመዱ ላይ መራመድና መሻገር ክልክል ይሁን። በገመዱ መካከል ከባድ ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት ቢጣልበት ቢበጠስ እንኳ የመወርወር ኃይሉን ይቀንሳል። ሕፃናት መኪና ሲጎተት ማየት ስለሚወዱ ከሁሉ አስቀድሞ እነርሱን የሚያርቅ አንድ ሰው ይመደብ። ከሚሽከረከር ጎማ ኋላም ሆነ ፊት ማንም አይቁም፤ ከሥሩ የገባው ድንጋይና ጣውላ ይፈናጠራል።

ሠ/ አዛዡ። የሚያዝዝ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ «ቁም!» ሲባል ግን ማንም ቢለው ሁሉም ይቁም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በአንድ አቅጣጫ ለሚፈተል ድር ነው።

ረ/ ከወጣ በኋላ። መኪናው ወጣ ብሎ ወዲያው መብረር አይገባም። ፍሬኑ ይፈተሽ፣ በጎማው ውስጥ የተጠቀጠቀው ጭቃ ይራገፍ። ለመያዝ እንዲረዳው የጎማው አየር ተቀንሶ ከነበረ በዝግታ እስከ ጎሚስታ ይነዳና ይሞላ።

5ኛ/ ነጩ ክረምት

እስካሁን የተናገርነው ስለ አገራችን ክረምት ነው። ዛሬ ግን ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሚኒሶታ፣ በካናዳ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ይኖራሉ። ለእነርሱ ክረምት ማለት በረዶ ነው። በዚያም መኪና ቦይ ይገባል፤ ወዳጅም ወዳጁን ሊያወጣ በሌሊት ይነሣል። መሠረቱ አንድ ቢሆንም አንዳንዱ ነገር ተገላቢጦሽ ስለሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በበረዶ ላይ የሚሽከረከር ጎማ በሙቀቱ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ተመልሶ እንደ መስታወት ይረጋል። በዚያም መጀመሪያ የሚያስፈልገው አካፋ ነው፤ ቀጥሎም ከጎማው ሥር የሚበተን አሸዋ። ደግሞም በረዶ እጅግ ከቀዘቀዘበት ቀን ይልቅ ለመቅለጥ በተቃረበበት ቀን የበለጠ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። የመኪናው ጭስ ማውጫ በበረዶ ተደፍኖ ሞተሩ ቢሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን እንደ እንቅልፍ ወስዶ ይገድላል። ስለዚህ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የጭስ ማውጫውን አካባቢ ይጥረግ፣ መስኮት በጥቂቱ ይክፈት፣ ሞተሩንም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያሠራ። በአገራችን ጭቃ «ከመኪናው ውረዱ» እንዳልን ሁሉ በበረዶ ማዕበል ጊዜ ደግሞ ምክሩ «ከመኪናው አትራቁ» የሚል ነው፤ ወጥቶ በእግሩ የሄደ ሰው መንገዱ ጠፍቶት በብርድ ሊሞት ይችላልና። ከዚህም ዕውቀት የሌለው ምክር በአንዱ አገር አድኖ በሌላው አገር ሊገድል እንደሚችል እናያለን።

6ኛ/ የአቤሜሌክ ጨርቅ

በጭቃ የተያዘን በገመድ ስለ ማውጣት ስናነሣ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሥራ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈው ነቢዩ ኤርምያስ ውሃ በሌለበት ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ተጥሎ ሰመጠ። በንጉሡ ቤት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይህንን ሰምቶ ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ሄደ፤ ፈቃድም አገኘ፤ ሠላሳ ሰዎችም ተሰጡት።

እስቲ አቤሜሌክ ያደረገውን እንከታተል። ነቢዩ በረሃብ እንዳይሞት ሠግቷል፤ ስለዚህ ቸኩሏል። ሰው አለው፤ ገመድም አለው። ይሁን እንጂ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። በመንገዱ ላይ ወደ ግምጃ ቤት ጎራ ብሎ አሮጌ ጨርቅ ሰበሰበ። ለምን? ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው ነው። ጨርቁን በገመድ አወረደለትና ከገመዱ በታች በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው የሳቡት።

ልብ በሉ። ሠላሳ ሰው የሚስብበት ገመድ ያለ ጨርቅም ኤርምያስን ያወጣው ነበር፤ ነገር ግን አቁስሎ ያወጣዋል። አቤሜሌክ ያሰበው ስለ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣ ነው። ደግሞም ጨርቁን በብብቱ ሥር ያደረገው ኤርምያስ ራሱ እንጂ ሌላ አይደለም፤ የሚወጣውም በመውጣቱ ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበረው። በኦሪት ዘዳግም 22 ቁጥር 4 ስለ ወደቀው የወንድም አህያና በሬ የተሰጠው ትእዛዝም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ማንሣትን ይናገራል። ባለቤቱን ዳር አቁሞ ለብቻ ማንሣት አላለም።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? በቦይ የገባ መኪና ባለቤት ከመኪናው ይልቅ እርሱ የወደቀ ይመስለዋል። አፍሯል፤ ደንግጧል፤ ምናልባት የመኪናው ዕዳ ገና አልተከፈለም። በዚህ ሰዓት «ምን ዓይነት ሾፌር ነህ?» የሚለው ቃል በብብት ላይ እንደ ገባ ገመድ ይቆርጣል። ዕውቀት ያለው ረዳት ጭቃውን ሲቆፍር ጨርቁንም አይረሳም። «አይዞህ፣ ይህ አፈር የማይጥለው የለም» ማለት ምንም ወጪ የለውም። መሪውን ለእርሱ መተው፣ «አንተ መኪናህን ታውቀዋለህ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ። ቢቻል ከወጣ በኋላ እጅ አስታጥቦ፣ ትኩስ ሻይ አጠጥቶ፣ ልቡ እስኪረጋ አብሮ መቀመጥ የሥራው መጨረሻ ነው። ስለ መንሸራተቱ ምክንያት የሚነገር ነገር ካለ በሌላ ቀን፣ ለብቻው ይነገረዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ እንደ ተመለከትነው በክረምት ቦይ የገባን መኪና ማውጣት ከአምስት ሥራ አራቱ ከጉተታ በፊት የሚሠራ ነው። ሰውን ማዳን፣ መሬቱን መመርመር፣ ውሃውንና ጭነቱን ማስወገድ፣ የሰዎችን አቋቋም ማስተካከል፤ ጉተታው አምስተኛ ነው። ፍቅር እንድንሮጥ ያደርገናል፤ ዕውቀት ደግሞ የሮጥንለትን ሰው እንዳንጎዳ ይጠብቀናል።

ክረምት በሰኔ ሳይሆን በግንቦት መታሰብ አለበት። ስለዚህ መኪና ያለው ወዳጅ ያለን ሁሉ ዝናቡ ሳይጀምር አንድ አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ ሁለት ጠንካራ ጣውላ፣ ደህና ገመድ፣ የእጅ ባትሪና አሮጌ ብርድ ልብስ በመኪናው ውስጥ መኖሩን እንጠይቀው። ከሌለው ተዋጥተን እንግዛለት። ቦይ ከገባ በኋላ ከምንሰጠው ጉልበት ሳይገባ የሰጠነው አካፋ ይበልጥበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ነዳጅ መጨመር ለምን አይጠቅምም? ከዲፈረንሻል አሠራር ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

2. ሽማግሌው ገበሬ ከመኪናው በፊት ስለ እናቲቱ ያሰቡት ለምን ነው? እኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምናስቀድመው ምንድን ነው?

3. የገመዱ ርዝመት 8 ሜትር ቢሆን ተመልካቾች ቢያንስ ስንት ሜትር መራቅ አለባቸው?

4. በሰፈራችን ወይም በትምህርት ቤታችን በችግር «ቦይ» የገባ ወዳጅ ሲገጥመን ከገመዱ ጋር የምናወርድለት ጨርቅ ምን ሊሆን ይችላል? እያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ይዞ ይምጣ።